የሟች ፎቶግራፍ ሲናገር፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ኀዘንና የእረኛው ምስክርነት

መግቢያ

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ በአምቦም ሆነ በጊንጪ፣ በጉደርም ሆነ በጌዶ፣ አንድ መጋቢ ወደ ለቅሶ ቤት ሲገባ ብዙውን ጊዜ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በፎቶግራፍ ላይ ነው። የሟቹ ምስል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ በባነር ታትሞ ወይም በአልቃሾች እጅ ከፍ ብሎ ይታያል። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ያ ፎቶግራፍ ዓይኑን ማርገብገብ፣ አንገቱን ማዘንበል፣ ፈገግ ማለት፣ አልፎም መናገር መጀመሩ ነው። ስልክ ብቻ የያዘ ወጣት የአያቱን የደበዘዘ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ጉዳይ እስካሁን ወደ እርስዎ ካልመጣ መምጣቱ አይቀርም። አንዲት ምእመን «የእናቴን ፎቶ እንዲህ አድርጌ ባይ ኃጢአት ነው?» ትልዎታለች። የቀብር አስተባባሪዎች «በፕሮጀክተር እናሳየው?» ብለው ይጠይቁዎታል። ሌላው ደግሞ «ይህ የአውሬው ምስል አይደለም ወይ?» ብሎ ይሟገታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲሰጡ የሚረዳዎትን መንገድ ማመልከት ነው። በቅድሚያ ማሽኑ የሚሠራውን እንመለከታለን፤ ቀጥሎ ጉዳዩን በትክክል የሚመዝነው የትኛው የእግዚአብሔር ቃል እንደሆነ እንመረምራለን፤ በመጨረሻም በኀዘን ቤት ምን ማድረግ እንደሚገባን እናያለን። የጽሑፉ መከራከሪያ አንድ ነው፦ የዚህ ቴክኖሎጂ ዋና አደጋ ሙታንን መጥራቱ አይደለም፤ እምቢ ሊል በማይችል ሰው ስም መመስከሩ ነው።

1. ማሽኑ ምን ያደርጋል?

ነገሩ በዓለም ዙሪያ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ማይሄሪቴጅ የተባለው የዘር ሐረግ ማፈላለጊያ ኩባንያ «ዲፕ ኖስታልጂያ» የተሰኘ አገልግሎት ሲከፍት ነው። ሰዎች የአያት የቅድመ አያቶቻቸውን ፎቶግራፍ እያስገቡ ሲንቀሳቀስ ለማየት ተሽቀዳደሙ። ኩባንያው በዚያን ጊዜ ምስሎቹ እንዳይናገሩ ሆን ብሎ አድርጎ ነበር፤ ምክንያቱም ንግግር ቢጨመር ሰዎች ለማታለል ይጠቀሙበታል የሚል ስጋት ነበረው። በቀጣዩ ዓመት ግን ያው ኩባንያ ፎቶግራፉ የሕይወት ታሪኩን በድምፅ የሚተርክበትን ሌላ አገልግሎት አወጣ። ሠሪዎቹ ራሳቸው አደገኛ ነው ብለው ያሰመሩት መስመር የታለፈው በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ መሆኑን ልብ ይሏል።

አሠራሩን በቀላሉ እናስረዳ። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ በፎቶግራፉ ላይ ያለውን ፊት ያገኛል፤ የደበዘዘውን ያጠራል፤ የዓይንን፣ የአፍንጫንና የአፍን ቦታ ይለያል። ከዚያም አስቀድሞ ከተቀረጸ የሌላ ሰው ቪዲዮ እንቅስቃሴን ይወስዳል። ያ ሌላ ሰው በካሜራ ፊት ራሱን ያዘነበለበት፣ ዓይኑን የጨፈነበትና ፈገግ ያለበት አኳኋን በሟቹ ፊት ላይ ይጫናል። ፎቶግራፉ ውስጥ የሌለውን፣ ማለትም ጥርስን፣ የተከደነ ዓይንን፣ የፊትን ሌላ ጎን፣ ፕሮግራሙ ከብዙ ሌሎች ፊቶች ከተማረው በመነሣት እየገመተ ይሞላል። አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ደግሞ የሌላ ሰው ቪዲዮ ሳያስፈልጋቸው «ፈገግ ይበል፣ እጁን ያንሣ» የሚል የጽሑፍ ትእዛዝ ተቀብለው ይሠራሉ። ከአጭር የድምፅ ቅጂ ተነሥተውም የሰውን ድምፅ አስመስለው ያወጣሉ።

በአካባቢያችን የሚታወቅ አንድ ፎቶግራፍ እንውሰድ። ሌተና ጄኔራል ጃጋማ ኬሎ በጊንጪ አካባቢ በደንዲ የተወለዱ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ጣሊያንን በዱር የተዋጉ አርበኛ ናቸው። ጎፈሬያቸው እንደ ዘውድ የቆመበትን የወጣትነት ፎቶግራፋቸውን ብዙዎቻችን አይተነዋል። ይህን ፎቶግራፍ ማሽኑ ቢያንቀሳቅሰው አንገታቸው ይዞራል፣ ዓይናቸው ይርገበገባል። ነገር ግን አንገቱን ያዞሩት ጃጋማ አይደሉም። ፎቶግራፉ በእርግጥ ከፊታቸው የመጣ ብርሃን የተወው አሻራ ነው፤ እንቅስቃሴው ግን በዚያች ቀንም ሆነ በሌላ ቀን ያልተደረገ ነው። ጄኔራሉ በ2009 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ስለ አርበኝነት ዘመናቸው በራሳቸው አንደበት በቃለ መጠይቅ ተናግረዋል። እውነተኛው ድምፃቸው ይህ ነው።

ማሽኑ ከሌሎች ፊቶች መማሩ ለእኛ ተጨማሪ ትርጉም አለው። በአዲስ አበባ የተወለደችው ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ጥናት፣ ከፊት ገጽታ ጾታን የሚለዩ የንግድ ፕሮግራሞች ቆዳቸው ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ የሚሳሳቱት ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን፣ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ግን ስሕተቱ እስከ 34.7 በመቶ ይደርስ ነበር። ጥናቱ ፎቶግራፍን ስለ ማንቀሳቀስ አይደለም። ሆኖም ማሽን ብዙ ያላየውን ፊት በሚገባ እንደማያውቅ ያስተምረናል። የጌዶዋ አያት ፈገግታ ጌዶን ረግጠው ከማያውቁ ሰዎች ፈገግታ የተገመተ ሊሆን ይችላል።

2. ሙታን ሳቢነት ነው ወይ?

በምዕራብ ሸዋ ለሚያገለግል ሰው ይህ ጥያቄ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በምዕራብ ኦሮሞ ዘንድ የሟች መንፈስ ኤከራ ይባላል፤ ኤከራን እናናግራለን የሚሉ ሰዎች ዘንድ መሄድም በሕዝባችን መካከል የታወቀ ልማድ ነው። ከዚህ ልማድ ወጥቶ ወደ ጌታ የመጣ ምእመን የሞተች እናቱ በስልክ ውስጥ ስታነጋግረው ቢያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። መጽሐፍ ቅዱስም ሙታን ሳቢነትን በግልጽ ይከለክላል (ዘዳ. 18፥10-11፤ ዘሌ. 19፥31)። ንጉሥ ሳኦል ወደ ዓይንዶር የሄደው እግዚአብሔር አልመልስ ባለው ጊዜ ነበር፤ ከዚያም ይዞ የተመለሰው መጽናናትን ሳይሆን ፍርሃትን ነው (1 ሳሙ. 28)።

ይሁን እንጂ እረኛ ነገሮችን መለየት አለበት። ማሽኑ ማንንም አይጠራም፤ ማንም አይመጣለትም። የሚሠራው ስሌት ነው። «ጋኔን ነው» ብለን ብናውጅ ሁለት ጉዳት እናደርሳለን። አንደኛ፣ ኀዘንተኛውን አስደንግጠን ነገሩን በስውር እንዲያደርገው እንገፋፋዋለን። ሁለተኛ፣ በውስጡ የሌለውን ኃይል እንሰጠዋለን፤ «በእርግጥ አንድ ነገር አለበት» የሚለውን እምነትም እናጠነክራለን።

አደጋው የሚጀምረው ሰው ከምስሉ ምክር መጠየቅ ሲጀምር ነው። ዛሬ የሟቹን መልእክቶችና ፎቶግራፎች ተቀብለው በሟቹ ስም የሚያወሩ ፕሮግራሞች አሉ። ልጅ «አባዬ፣ መሬቱን ልሽጠው ወይስ ልተወው?» ብሎ ከጠየቀ፣ ምንም መንፈስ ባይኖር እንኳ ልቡ ያደረገው ነገር ኢሳይያስ የወቀሰውን ነው፤ ስለ ሕያዋን ጉዳይ ሙታንን ጠይቋል (ኢሳ. 8፥19)። ስለዚህ ክልከላው ስለ ማሽኑ ባይጻፍም ስለ ልባችን ይናገራል።

በራእይ 13፥15 የአውሬው ምስል እስትንፋስ ተሰጥቶት እንደሚናገር ተጽፏል። ይህን ጥቅስ በሚናገር ምስል ሁሉ ላይ ማዋል ግን ቃሉን ከዐውዱ መነጠል ነው። በዚያ ክፍል የምስሉ ክፉነት መናገሩ ብቻ አይደለም፤ ሰዎች እንዲሰግዱለት ማስገደዱና ያልሰገዱትን ማስገደሉ ነው። ኀዘንተኛ ልጅ ስልኩን ይዞ የሚያለቅሰው የሰገደ ሆኖ አይደለም። ይህን ጥቅስ በየስልኩ ላይ ከጨረስነው፣ እውነተኛ የስግደት ጥያቄ በመጣ ቀን ሰሚ አናገኝም።

3. የዮሴፍ ቀሚስ

እንግዲያው ጉዳዩን በትክክል የሚመዝነው ቃል የትኛው ነው? በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ ነው (ዘጸ. 20፥16)። ዘፍጥረት 37ን ያስታውሱ። የዮሴፍ ወንድሞች ቀሚሱን በፍየል ደም ነክረው ለአባታቸው አመጡና የልጁ እንደሆነ እንዲለይ ጠየቁት። ቀሚሱ በእርግጥ የዮሴፍ ነበረ። ደሙም እውነተኛ ደም ነበረ። ሐሰቱ ሁለቱ የተገናኙበት መንገድ ነው። ወንድሞቹ ዮሴፍ ሞተ ብለው አልተናገሩም፤ ያዕቆብ ራሱ ደመደመ። እውነተኛው ቀሚስ ሐሰተኛውን ታሪክ እንዲያምን አደረገው። በዚህም ለብዙ ዓመታት በሕይወት ስላለ ልጁ አለቀሰ።

የተንቀሳቀሰ ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። ፊቱ የሟቹ ነው፤ እንቅስቃሴው የሌላ ነው። ፊቱን ስለምናውቅ እንቅስቃሴውን እናምነዋለን። በሥዕል የተሠራ ቢሆን ኖሮ የሠዓሊው አስተያየት እንደሆነ እናውቅ ነበር፤ ፎቶግራፍ ግን የምስክርነት ክብደት አለው። ማሽኑ ይህን ክብደት ተበድሮ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ያሳያል።

«ተዋናይስ ጳውሎስን ሆኖ ሲጫወት ይዋሻል ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ተዋናዩ በራሱ ፊት ነው የሚቆመው፤ ተመልካቹም ድራማ እንደሚያይ ያውቃል። በፊቱና በጳውሎስ መካከል ያለው ርቀት ራሱ ሐቀኛ ያደርገዋል። ማሽኑ የሚያጠፋው ይህን ርቀት ነው።

ጉዳቱ ምን እንደሆነ ከታሪካችን አንድ ምሳሌ ይጠቅማል። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ አባቱን በመቅደላ፣ እናቱን ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በመንገድ ላይ አጥቶ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ እንግሊዝ ሲወሰድ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፍ አነሣችው። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ያለው የሕፃኑ ፊት ያዘነ ፊት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነው እዚያው በባዕድ አገር ሞተ። ይህን ፎቶግራፍ ዛሬ ማሽን ውስጥ አስገብቶ ፈገግ እንዲል ማድረግ ይቻላል። አይተን ልባችን ይለሰልስ ይሆናል። ነገር ግን ያ ፈገግታ የእኛን ሐዘን ለማስታገስ ሲባል የእርሱን ሐዘን ይሰርዘዋል። ሕፃኑ ያለው አንድ ምስክርነት ያ ፊት ነው፤ እርሱንም እንወስድበታለን።

4. ለሙታን አፍ መስጠት

ምስሉ ሲናገር ነገሩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት አንድ ፍርድ ቤት በመንገድ ጠብ የተገደለን ሰው ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲናገር ተመለከተ። ቃሉን የጻፈችው እኅቱ ናት፤ ወንድሟ ቢኖር ይለዋል ብላ ያመነችውን ጻፈች። ምስሉም ከገዳዩ ፊት ስለ ይቅርታ ተናገረ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠራቱም አልተደበቀም። ብዙ ሰዎች በዚህ ተነክተዋል፤ የእኅቲቱ ዓላማም የሚያስነቅፍ አይደለም። ሆኖም መጋቢ ሆይ፣ ጥያቄውን ከአሪዞና ወደ ምዕራብ ሸዋ ያምጡት።

በእኛ ምድር በደም የተለያዩ ወገኖች በጉማ ይታረቃሉ። ሽማግሌዎች ይገባሉ፣ ካሣ ይቆረጣል፣ የገዳይና የሟች ወገኖች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በዚህ ሥርዓት የሟች ወገን የሚናገረው በራሱ ስም ነው። «እኔ ይቅር ብያለሁ» ይላል፤ ወይም ገና እንዳልቻለ ይናገራል። በሟቹ አፍ የሚናገር የለም። አሁን አንድ ሰው የሟቹን ምስል በስልኩ አናግሮ ቢያመጣስ? ዛሬ ይቅርታ እንዲል የተደረገው ምስል ነገ «ደሜን መልሱ» እንዲል ሊደረግ ይችላል። ማሽኑ ሁለቱንም በእኩል ቅንነት ይናገራል።

ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። የአምቦ ተወላጁ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተገድሎ ሰኔ 25 ቀን በአምቦ ሲቀበር አገር እንዴት እንደተናወጠ፣ በተከተለው ሁከትም የብዙ ሰው ሕይወት እንደጠፋ እናስታውሳለን። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሟቹ ያላለውን ሲል የሚያሳይ ምስል በየስልኩ ቢዳረስ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አያቅትም። በእኛ አካባቢ በግጭት ልጁን ያጣ ብዙ ቤት አለ። በየቤቱም ፎቶግራፍ አለ።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ላይ የሚሰጠን ቃል ጥልቅ ነው። የአቤል ደም ከምድር ይጮኻል፤ የሚጮኸው ግን ወደ እግዚአብሔር ነው (ዘፍ. 4፥10)። የተገደለ ሰው ድምፅ አለው፤ ሰሚም አለው፤ በቀልም የጌታ ነው (ሮሜ 12፥19)። የዕብራውያን ጸሐፊ አቤል ከሞተ በኋላም እንደሚናገር ይመሰክራል፤ የሚናገረው ግን በእምነቱ ነው (ዕብ. 11፥4)። ከዚያም ከአቤል ደም የተሻለ ወደሚናገረው ወደ ኢየሱስ ደም ይመራናል (ዕብ. 12፥24)። እንግዲህ ለሟች ሌላ አፍ መሥራት የእኛ ድርሻ አይደለም። ባለጠጋው ሰው አልዓዛር ከሙታን ወደ ወንድሞቹ እንዲላክ ሲለምን፣ አብርሃም ወደ ተጻፈው ቃል ነው የመራው (ሉቃ. 16፥27-31)።

የቄስ ጉዲና ቱምሳ ታሪክ ይህን በሥጋ ያሳየናል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ። አስቀድሞ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሕዝባቸውን ትተው መሄድን አልመረጡም ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለአሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። አስከሬናቸው ተገኝቶ በክብር የተቀበረው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ቤተሰቡ ያለ መቃብር፣ ከፎቶግራፍ ጋር ኖረ። ዛሬ ያን ፎቶግራፍ አናግሮ ስብከት ማሰበክ ቀላል ነው። ነገር ግን ቄስ ጉዲና የጻፉት አለ፤ የኖሩት አለ፤ የሞቱለት አለ። ይህን ማንበብና ማስነበብ ስንችል እኛ የደረስነውን ቃል በአፋቸው ብናስገባ፣ የሰማዕቱን ክብር ለራሳችን ሐሳብ ተበደርነው ማለት ነው። ሰማዕት ማለት ምስክር ማለት ነው። በምስክር ስም ሐሰት መመስከር ከሁሉ ይከፋል።

5. በኀዘን ቤት

እስካሁን ያልነው ኀዘንተኛውን ለመውቀስ እንዲውል አይደለም። ባል የሞተባት ሴት ስልኳን ዘርግታ «እዩት ፓስተር፣ ሲስቅ» ስትልዎት፣ በዚያ ሰዓት ስለ ቴክኖሎጂ ትምህርት አይጀምሩ። አብረዋት ይመልከቱ። ቀጥለውም «በእርግጥ ሲስቅ እንዴት ነበር?» ብለው ይጠይቋት። ይህ ጥያቄ ብዙ ይሠራል። «አይ፣ እሱስ እንዲህ አልነበረም፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር» ማለት ትጀምር ይሆናል። ያኔ ከማሽኑ ግምት ወጥታ ወደ እውነተኛው ትዝታ ገባች። እውነተኛው ሰው መታወስ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ኀዘን መለየትን የማመን ጉዞ ነው። ዳዊት ሕፃኑ ሲሞት እርሱ ወደ ሕፃኑ እንደሚሄድ፣ ሕፃኑ ግን ወደ እርሱ እንደማይመለስ ተናገረ (2 ሳሙ. 12፥23)። ይህ መራራ እውነት የተስፋው በር ነው። ጌታችንም ሊያስነሣው በመጣው በአልዓዛር መቃብር ፊት አለቀሰ (ዮሐ. 11፥35)። ጳውሎስ ተሰሎንቄዎችን አታልቅሱ አላላቸውም፤ ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ ነገራቸው (1 ተሰ. 4፥13-18)። ተስፋውም የሟቹ ምስል መንቀሳቀሱ አይደለም፤ ጌታ መምጣቱና ሙታን በክርስቶስ መነሣታቸው ነው። የሚነሣው ራሱ ሰውየው ነው፤ የከበረ አካል ለብሶ (1 ቆሮ. 15፥42-44)። በየምሽቱ ስልክ ላይ የሚነሣ አባት ግን ልጁን ከመቃብር በዚህ ወገንም ከትንሣኤ በዚያ ወገንም ሳያደርስ መሐል ላይ ያቆየዋል።

በሥራ ላይ ለሚያውሉት የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

ሀ. የተቀደደን ፎቶግራፍ መጠገንና ማጥራት ችግር የለበትም። ቀለም ከተጨመረበት ግምት መሆኑ ይነገር፤ ዋናው ቅጂም ይቀመጥ።

ለ. ቤተሰብ በቤቱ ያንቀሳቀሰውን ምስል ቤተ ክርስቲያን አታሳድድ። ነገር ግን በየቀኑ ወደ እርሱ የሚመለስ፣ እንቅልፍና ጸሎት ያጣ ኀዘንተኛ ካለ በፍቅር ይከታተሉት። ለሕፃናት ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ሕፃን ማሽን የሠራውን ከእናቱ ትዝታ መለየት አይችልም።

ሐ. በቀብርና በመታሰቢያ ፕሮግራም ላይ ፎቶግራፉ እንዳለ ይታይ። የሟቹ እውነተኛ ቪዲዮ ወይም የድምፅ ቅጂ ካለ ይቅረብ። የሕይወት ታሪኩም በሚያውቁት ሰዎች አንደበት ይነበብ።

መ. ሟች በማሽን ድምፅ እንዲናገር፣ እንዲመክር፣ እንዲሰብክ ወይም ይቅር እንዲል በቤተ ክርስቲያን መድረክ አይፈቀድ። ሽማግሌዎች ይህን የኀዘን ቀን ሳይመጣ አስቀድመው ይወስኑ። ድንኳን ተጥሎ ሰው እያለቀሰ ደንብ ማውጣት አይቻልም።

ሠ. ሟቹ ሲናገር የሚያሳይ ምስል በስልክ ሲዳረስ ምእመናን ሦስት ነገር እንዲጠይቁ ያስተምሩ፦ መቼ ተናገረው? ማን ቀረጸው? ቤተሰቡ ያውቀዋል? መልስ ከሌለ ለሌላ አያስተላልፉት።

ረ. ከሁሉ በላይ፣ በሕይወት ያሉትን አሁን ይቅረጹ። በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ በየቤቱ ተሰብስበው የጸለዩ፣ የታሰሩ፣ የተገረፉ አባቶችና እናቶች ዛሬ አርጅተዋል። ያው ፎቶ የሚያንቀሳቅሰው ስልክ ድምፃቸውን ሊቀርጽ ይችላል። ወጣቶችን ልከው በሚመቻቸው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ፣ እያሳሉም ሆነ እየረሱ፣ በራሳቸው አፍ እንዲናገሩ ያድርጉ። ፈቃዳቸውን ይጠይቁ፤ ስማቸውንና ቀኑን ይመዝግቡ።

ማጠቃለያ

የሟችን ፎቶግራፍ ማንቀሳቀስ መንፈስ መጥራት አይደለም፤ ንጹሕ ጨዋታም አይደለም። የዮሴፍ ቀሚስ ነው፦ እውነተኛ ልብስ፣ ያልሆነ ታሪክ። ምስሉ ዝም ብሎ ሲንቀሳቀስ ጥንቃቄ፣ ሲናገር ደግሞ እምቢታ ይገባናል፤ ምክንያቱም የሞተ ሰው ቃሉን ጨርሷል፤ የቀረውን የሚናገርለት እግዚአብሔር ነው። ለኀዘንተኛው ግን ባዶ እጃችንን አንሄድም። አብረን እናለቅሳለን (ሮሜ 12፥15)፤ ሟቹ በእርግጥ ያለውንና ያደረገውን እንተርካለን፤ የሙታን በኩር ሆኖ የተነሣውን ክርስቶስን እንሰብካለን። በመቃብር ያሉት ሁሉ ድምፁን የሚሰሙበት ጊዜ ይመጣል (ዮሐ. 5፥28)። ያን ቀን የሚናገረው እርሱ ነው፤ የሚነሡትም እነርሱ ራሳቸው ናቸው።